ከቦሌ እስከ ዱለስ፦ የበረራ ርቀትንና የጉዞ ሰዓትን ሳትሳሳቱ የምታሰሉበት መንገድ

አክስቴ ወደ ዋሽንግተን የሄደች ጊዜ ትኬቷን ቤተሰቡ ሁሉ እየተቀባበለ አይቶታል። መነሻ 22:30፣ መድረሻ 08:00 ይላል። ወንድሜ በጣቱ ቆጠረና «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ናት» አለ። እናቴ በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምራ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። 4 ሰዓት ሆነ፤ 6 ሰዓት ሆነ። ቡና ተፈላ፤ ማንም በወጉ አልጠጣም። አክስቴ የደወለችው ከቀኑ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። አውሮፕላኑ አንዲት ደቂቃ አልዘገየም። የተሳሳተው የእኛ ሂሳብ ነበር።

ይህ ስህተት በየቤቱ ይደገማል። ሰው ርቀቱን ከጠፍጣፋ ካርታ ይለካል። የጉዞውን ርዝመት ደግሞ ትኬት ላይ ያሉትን ሁለት ሰዓቶች በመቀነስ ያገኛል። መጨረሻ ላይ የፈረንጁን ሰዓት ከእኛ ሰዓት ይቀላቅላል። እዚህ ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዱለስ ያለውን ጉዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረን እንሠራዋለን። አሠራሩን ከያዛችሁት ለሌላም ሩቅ ከተማ ያገለግላል።

ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን አዘጋጁ

ሙሉውን ትኬት ያዙ። በቴሌግራም የተላከ፣ ዳሩ የተቆረጠ ስክሪንሾት አይበቃም። ከመድረሻው ሰዓት አጠገብ «+1» የምትል ትንሽ ምልክት አለች፤ በማግስቱ ትደርሳላችሁ ማለቷ ነው። ስክሪንሾት ሲቆረጥ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት።

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። በቃል አትሥሩት፤ ሌሊትና ቀን ሲገለባበጥ ጭንቅላት ይስታል።

ሳይንና ኮሳይን ያለው ካልኩሌተር ፈልጉ። ብዙ ስልኮች ላይ ካልኩሌተሩን ከፍታችሁ ስልኩን ወደ ጎን ስታዞሩት ይመጣል። ቤት ውስጥ የተማሪ ሉል ካለ ደግሞ አንድ ክንድ የስፌት ክር ጨምሩበት። ክሩ ደረጃ 3 ላይ ትልቅ ነገር ያሳያችኋል።

ደረጃ 1፦ የትኛው አየር ማረፊያ እንደሆነ አረጋግጡ

«ዋሽንግተን» ብላችሁ አትጀምሩ። በዚያ አካባቢ ሦስት ትልልቅ አየር ማረፊያዎች አሉ። ዱለስ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከመሃል ከተማው ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ነው። ኮዱ አይ ኤ ዲ ነው። ሬገን የሚባለው ከተማው ጥግ ነው፤ ኮዱ ዲ ሲ ኤ። ሦስተኛው ሜሪላንድ ውስጥ ያለው የባልቲሞሩ ነው፤ ቢ ደብሊው አይ። ከአዲስ አበባ የሚሄደው አውሮፕላን የሚያርፈው ዱለስ ነው። የቦሌ ኮድ ኤ ዲ ዲ ነው።

1. ትኬቱ ላይ ባለ ሦስት ፊደሉን ኮድ ፈልጉ።
2. ወረቀት ላይ መነሻና መድረሻውን በኮዱ ጻፉ።
3. ዘመድ የሚቀበላችሁ ከሆነ ኮዱን ላኩለት። «ዋሽንግተን ነኝ» አይበቃም።

የከተማ ስም ብቻ አይታችሁ ርቀት የምትፈልጉ ከሆነ ሌላም ወጥመድ አለ። ሳን ሆዜ የሚባል ከተማ ካሊፎርኒያ ውስጥም አለ፤ ኮስታ ሪካ ውስጥም አለ። ሲድኒም አውስትራሊያ ብቻ አይደለችም፤ ካናዳም አንዲት አለቻት።

ደረጃ 2፦ ርቀቱን ለኩ

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በቂ ነው፤ በሁለቱም ሠርታችሁ ብታመሳክሩ ግን ይመረጣል።

*በጉግል ማፕ*

1. በኮምፒውተር ካርታውን ክፈቱና ቦሌ አየር ማረፊያ ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጫኑ።
2. ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ «ሜዠር ዲስታንስ» የሚለውን ምረጡ።
3. ዱለስ ላይ አንዴ ተጫኑ። ቁጥሩ ይወጣል።

መስመሩ ቀስት መስሎ ቢጎብጥ አትደንግጡ። ካርታው ጠፍጣፋ፣ ምድር ደግሞ ክብ ስለሆነች ነው። አጭሩ መንገድ እሱ ነው።

*በካልኩሌተር*

የቦታዎቹን አቀማመጥ በዲግሪ ጻፉ። ቦሌ ሰሜን 8.98፣ ምሥራቅ 38.80። ዱለስ ሰሜን 38.94፣ ምዕራብ 77.46። ምዕራብ ሁልጊዜ የመቀነስ ምልክት ይወስዳል፤ ደቡብም እንዲሁ። ስለዚህ የዱለሱ −77.46 ነው።

1. የምሥራቅና የምዕራቡን ልዩነት አውጡ። 38.80 ሲቀነስ −77.46፣ 116.26 ይሆናል።
2. ሳይን 8.98 በሳይን 38.94 አባዙ፦ 0.0981።
3. ኮሳይን 8.98 በኮሳይን 38.94 በኮሳይን 116.26 አባዙ፦ −0.3399።
4. ሁለቱን ደምሩ፦ −0.2418።
5. የዚህን የተገላቢጦሽ ኮሳይን (cos⁻¹ የሚለውን ቁልፍ) አውጡ፦ 103.99 ዲግሪ።
6. በ111.2 አባዙ። አንድ ዲግሪ ምድር ላይ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ነው። መልሱ 11,560 ኪሎ ሜትር ግድም ይመጣል።

ቁጥሩ ሌላ ከሆነባችሁ

5,100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ካገኛችሁ የምዕራቡን የመቀነስ ምልክት ረስታችኋል። ዋሽንግተንን ምዕራብ ቻይና ውስጥ፣ ካሽጋር ከምትባለው ከተማ ብዙም ሳይርቅ አስቀምጣችኋታል። ተመለሱና ምልክቱን አስገቡ።

ቁጥሩ ጭራሽ ትርጉም ካጣ ካልኩሌተሩ ራዲያን በሚባለው ሌላ የማዕዘን መለኪያ ላይ ነው። ወደ ዲግሪ ቀይሩት። ለማረጋገጥ ሳይን 30 ብላችሁ ሞክሩ፤ 0.5 መምጣት አለበት።

6,240 ወይም 7,185 የሚል ቁጥር ሌላ ቦታ አይታችሁ ከተደናገራችሁ ደግሞ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሰባት ሺው ተራ ማይል ነው፤ አንዱ 1.609 ኪሎ ሜትር። ስድስት ሺው አብራሪዎች የሚሠሩበት የባሕር ማይል ነው፤ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር። የባሕር ማይሉን ተራ ማይል መስሎት በ1.609 ያባዛ ሰው 10,040 ኪሎ ሜትር ያገኝና 1,500 ኪሎ ሜትር ይበላል።

ደረጃ 3፦ አውሮፕላኑ በየት በኩል እንደሚሄድ እወቁ

እስካሁን ያገኛችሁት አጭሩን መንገድ ነው። አውሮፕላኑ በዚያ ላይሄድ ይችላል።

መጀመሪያ ክሩን አምጡ። አንዱን ጫፍ ቦሌ ላይ በአውራ ጣታችሁ ያዙ፤ ሌላውን ዱለስ ላይ አድርጋችሁ ወጥሩት። ክሩ ሉሉ ላይ ተንሸራትቶ ወደ ሰሜን ይሸሻል። ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ አልጄሪያን አቋርጦ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል አትላንቲክ ውስጥ ይገባል። ውቅያኖሱ መሃል ላይ ከራሱ ከዱለስም በላይ ወደ ሰሜን ይወጣል። ጣታችሁን አንሱና ክሩን በግድ ቀጥታ ወደ ምዕራብ፣ በምዕራብ አፍሪካ በኩል ልታስተኙት ሞክሩ። አይደርስም፤ ያጥራል።

አሁን ትኬታችሁን እዩ። «0 ስቶፕ» ወይስ «1 ስቶፕ» ነው የሚለው? «ዳይሬክት» በሚለው ቃል አትታለሉ። ዳይሬክት ማለት የበረራ ቁጥሩ አይቀየርም ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አውሮፕላኑ መሃል ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሳያርፍ የሚሄደው «ነን ስቶፕ» የተባለው ነው።

ከቦሌ ወደ አሜሪካ ሲኬድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ይታረፋል፤ ለምሳሌ አየርላንድ ውስጥ ደብሊን ወይም ቶጎ ውስጥ ሎሜ። ከዱለስ ወደ ቦሌ ሲመለስ ግን ሳያርፍ የሚመጣ አለ። «በመሄጃው የቆመ በመመለሻው ለምን አይቆምም?» ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። ምክንያቱ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ግድም ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፤ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ያጣል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ተሳፋሪውን፣ ሻንጣውንና ለ11,560 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅ በአንድ ላይ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። ነዳጁን ቀንሶ ይነሳና ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይሞላል። ዱለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ጠግቦ ይነሳል። ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል።

እስቲ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ደብሊንንና ሎሜን ፈልጉ። ሎሜ ልክ በመንገድ ላይ ያለች ትመስላለች። ደብሊን ሰሜን ጥግ ላይ ተሰቅላለች። አሁን በደረጃ 2 መንገድ አስሉት።

- ቦሌ–ደብሊን 6,365፣ ደብሊን–ዱለስ 5,465። ድምሩ 11,830 ኪሎ ሜትር።
- ቦሌ–ሎሜ 4,150፣ ሎሜ–ዱለስ 8,600። ድምሩ 12,750 ኪሎ ሜትር።

በደብሊን መዞር የሚጨምረው 270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በሎሜ ግን 1,190 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። እኔ ራሴ ይህን መጀመሪያ ስሠራ ካልኩሌተሩ ተበላሽቷል ብዬ ሁለቴ ደግሜዋለሁ። በሎሜ የሚኬደው ርቀት ለማሳጠር አይደለም። ሎሜ ባሕር ዳር ናት፤ ከዚያ ነዳጅ ጠቅጥቆ መነሳት ይቻላል። የምዕራብ አፍሪካ ተሳፋሪም ከዚያ ይጫናል።

ማስጠንቀቂያ። ሰማይም ይዘጋል። ሱዳን ውስጥ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት አለ፤ አውሮፕላኖችም የአገሪቱን ሰማይ እየሸሹ ሲዞሩ ቆይተዋል። ከቦሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ ለሚሄድ አውሮፕላን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ያሰላችሁት ርቀት ላይ ከመቶ 3 እስከ 5 ጨምሩ። በረራችሁ በእውነት በየት እንዳለፈ ለማየት ፍላይትራዳር 24 የሚባለው የበረራ መከታተያ አፕ ላይ የበረራ ቁጥሩን ጻፉና ያለፉትን ቀናት ጉዞ ክፈቱ። የተሰመረው መስመር ከማንኛውም ግምት ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ርቀቱን ወደ ሰዓት ቀይሩ

ቦይንግ 787ም ሆነ ኤርባስ 350 ከፍ ብሎ ሲበር በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ግድም ይሄዳል። ይህ በዙሪያው ካለው አየር አንጻር ነው። አየሩ ራሱ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ አንዳንዴ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። በሰሜኑ ዓለም የብርድ ወራት ደግሞ ይብስበታል። ወደ አሜሪካ ስትሄዱ ፊት ለፊት ይገፋችኋል፤ ስትመለሱ ከኋላ ይረዳችኋል።

ለቤት ሂሳብ እነዚህን ተጠቀሙ።

- ወደ ምዕራብ፣ አትላንቲክን ሲሻገሩ፦ በሰዓት 820።
- ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያዘነበለ ጉዞ፦ 850።
- ወደ ምሥራቅ፣ ከአሜሪካ ሲመለሱ፦ 930።

ለእያንዳንዱ በረራ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲንከባለል፣ ሲወጣና ሲወርድ የሚያጠፋው ጊዜ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከበሩ ከተላቀቀበት እስከ ሌላው በር እስኪጠጋ ያለው ነው።

እንግዲህ መሄጃውን እንሥራ፤ ለምሳሌው ሲባል ደረጃ 3 ላይ ያልነውን ከመቶ 3 እስከ 5 ጭማሪ ትተነዋል። ቦሌ–ደብሊን፦ 6,365 ለ850 ሲካፈል 7 ሰዓት ተኩል፤ ግማሽ ሰዓት ሲጨመር 8 ሰዓት። ደብሊን–ዱለስ፦ 5,465 ለ820 ሲካፈል 6 ሰዓት ከ40፤ ግማሽ ሲጨመር 7 ሰዓት ከ10። ደብሊን ላይ ነዳጅ እስኪሞላ 1 ሰዓት ከሩብ ያዙ። ማረፊያው ለነዳጅ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ተሳፋሪ አይወርድም። ድምሩ 16 ሰዓት ከ25 ደቂቃ።

መመለሻው አጭር ነው። 11,560 ለ930 ሲካፈል 12 ሰዓት ከ25፤ ግማሽ ሲጨመር 13 ሰዓት ሊሞላ 5 ደቂቃ።

ውጤታችሁ ከትኬቱ ጋር በግማሽ ሰዓት ቢለያይ ተዉት። አየር መንገዶች ለመጠባበቂያ ትንሽ ደቂቃ ያክላሉ። ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ከበለጠ ግን ማረፊያ ረስታችኋል፤ አለዚያም ቀጣዩ ደረጃ ላይ ተሳስታችኋል።

ደረጃ 5፦ የትኬቱን ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት አምጡ

ትኬት ላይ ያለው እያንዳንዱ ሰዓት በዚያ ከተማ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ነው። መነሻው የአዲስ አበባ ነው፤ መድረሻው የዋሽንግተን። ሁለቱን መቀነስ ብርን ከዶላር እንደመቀነስ ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም የየአገሩ ሰዓት ወደሚለካበት የጋራ ሰዓት፣ ወደ ግሪንዊች ሰዓት መንዝሩ።

1. ከአዲስ አበባ ሰዓት ሁልጊዜ 3 ቀንሱ። እኛ ጋ ሰዓት አይቀየርም።
2. ለዋሽንግተን ሰዓት በበጋቸው 4፣ በብርዳቸው 5 ጨምሩ።
3. «+1» ካለ 24 ጨምሩ።
4. አሁን ቀንሱ።

የአክስቴን ትኬት እንሥራው። በጁላይ ነው የሄደችው። 22:30 ሲቀነስ 3፣ 19:30። መድረሻው 08:00 ሲደመር 4፣ 12:00፤ በማግስቱ ስለሆነ ሲደመር 24፣ 36:00። 36:00 ሲቀነስ 19:30፣ 16 ሰዓት ተኩል። ደረጃ 4 ላይ ካገኘነው ጋር በ5 ደቂቃ ብቻ ይለያያል። ወንድሜ ያገኘው 9 ሰዓት ተኩል ነበር።

መመለሻዋ ከዱለስ 11:00 ተነስቶ ቦሌ በማግስቱ 07:15 ይገባል ይላል። በጣት ከተቆጠረ 20 ሰዓት ከሩብ ነው፤ ሰው ይህን አይቶ «ሲመለስ ይረዝማል» ይላል። በትክክል ሥሩት። 11:00 ሲደመር 4፣ 15:00። 07:15 ሲቀነስ 3፣ 04:15፤ ሲደመር 24፣ 28:15። ልዩነቱ 13 ሰዓት ከሩብ።

ሰዓታቸውን የሚቀይሩበትን ቀን ጻፉ። አሜሪካኖች በማርች ሁለተኛው እሑድ ወደ ፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ወደ ኋላ ያዞራሉ። በበጋቸው ከእኛ 7 ሰዓት፣ በብርዳቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራሉ። አውሮፓ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ነው የሚቀይረው። ስለዚህ በማርች ለሁለት ሦስት ሳምንት፣ በመከር ደግሞ ለአንድ ሳምንት ሁለቱ አይገጥሙም። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ «ክረምት» የሚለውን ቃል ከአሜሪካ ዘመድ ጋር አትጠቀሙ። እኛ ክረምት የምንለው እነሱ ፀሐይ የሚሞቁበትን ጊዜ ነው። የወሩን ስም ጥሩ።

ለሌሎች ከተሞች ደግሞ እንዲህ ነው። ሪያድ ከእኛ እኩል ነው። ዱባይ በ1 ሰዓት ይቀድመናል። ቴል አቪቭ በበጋቸው እኩል ነው፤ በብርዳቸው በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ሮም፣ ፍራንክፈርትና ስቶክሆልም 1 ወይም 2፣ ለንደን 2 ወይም 3፣ ዳላስና ሚኒያፖሊስ 8 ወይም 9፣ ሎስ አንጀለስና ሲያትል 10 ወይም 11 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። የመጀመሪያው ቁጥር የበጋቸው ነው።

ደረጃ 6፦ ወደ እኛ ሰዓትና ቀን መልሱት

ከሁሉም ደረጃ ብዙ ሰው በረራ የሚያመልጠው እዚህ ነው። ቀስ ብላችሁ ሥሩት።

1. የትኬቱ ሰዓት ከ6 በታች ከሆነ 6 ጨምሩ። 00:40 ሌሊት 6:40 ነው። 03:00 ሌሊት 9 ሰዓት ነው።
2. 6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 6 ቀንሱ፤ 0 ከመጣ 12 በሉት። 08:00 ጠዋት 2 ሰዓት ነው። 13:00 ከቀኑ 7 ሰዓት ነው።
3. ቀንሳችሁ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ ሌላ 12 ቀንሱ። 22:30 ሲቀነስ 6፣ 16:30፤ ሲቀነስ 12፣ ማታ 4:30።

ቀኑ ደግሞ የባሰ ነው። የሰፈራችን ልጅ ትኬቱ «ረቡዕ 00:40» ይል ነበር። ረቡዕ ማታ ሻንጣውን አስጭኖ፣ ቤተሰቡን አስከትሎ ቦሌ ደረሰ። አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ረቡዕ 00:40 ማለት ለረቡዕ አጥቢያ ማለት ነው፤ ከቤት የሚወጣው ማክሰኞ ማታ ነው። ትኬታችሁ ከ00:00 እስከ 06:00 ባለው ውስጥ ከሆነ «ለ… አጥቢያ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉት፤ አጠገቡም ከቤት የምትወጡበትን ማታ ጻፉ።

ወሩንም አትተርጉሙት። ኦገስት 15 ነሐሴ 15 አይደለም፤ ነሐሴ 9 ነው። «ኦገስት እኮ ነሐሴ ነው» ብሎ የተኛ ሰው 6 ቀን ያረፍዳል። የቀን መቀየሪያ አፕ ተጠቀሙና የሳምንቱን ቀን አብራችሁ አመሳክሩ። ትኬቱ ቅዳሜ ካለ በእኛም ቅዳሜ መሆን አለበት። ካልገጠመ እንደገና ሥሩ።

በረራው አምልጦኛል ብላችሁ ከነቃችሁ ወዲያው ትኬቱን ለሸጠላችሁ ቢሮ ወይም ለአየር መንገዱ ደውሉ። መመለሻውም ሆነ ቀጣዩ በረራ ራሱ ሊሰረዝ ስለሚችል እስኪነጋ አትጠብቁ።

ደረጃ 7፦ ከበር እስከ በር ደምሩ

በረራው 16 ሰዓት ተኩል ነው። ጉዞው ግን ከዚያ ይረዝማል።

- ከቤት እስከ ቦሌ፦ በትራፊክ ሰዓት 1 ሰዓት።
- ቦሌ ቀድሞ መድረስ፦ 3 ሰዓት። ለ22:30 በረራ ከምሽቱ 1:30 ላይ በሩ ላይ ሁኑ።
- ዱለስ ላይ ፓስፖርት፣ ሻንጣና ጉምሩክ፦ 1 ሰዓት ከ45 ያዙ። በአንድ ጊዜ ብዙ አውሮፕላን ካረፈ ይበልጣል።
- እስከ ዘመድ ቤት፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ከሆነ 45 ደቂቃ ግድም።

ሲደመር 23 ሰዓት። አክስቴ ይህን ባውቅ ሁለት ጊዜ የሚበላ ዳቦ ቆሎ እይዝ ነበር ብላለች።

ከዱለስ ወደ ሌላ የአሜሪካ ከተማ የምትቀጥሉ ከሆነ ደግሞ ይህን አንብቡ። አሜሪካ ስትገቡ ፓስፖርት የሚታየው መጀመሪያ ያረፋችሁበት ቦታ ነው። ሻንጣውንም እዚያ ተቀብላችሁ፣ በጉምሩክ አልፋችሁ፣ እንደገና ታስረክባላችሁ። «እስከ ዴንቨር ልከንላችኋል» ብትባሉም ቀበቶው ጋ ቆማችሁ ጠብቁት። ስለዚህ በሁለቱ በረራዎች መሃል ከ3 ሰዓት ያነሰ ትኬት አትግዙ። ሁለቱን በረራ በተለያየ ትኬት ከገዛችሁ 5 ሰዓትም አይበዛም፤ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ አይጠብቃችሁም፤ ገንዘቡም ይቀልጣል።

ጉምሩክ ላይ ጊዜ የሚበላው ምግብ ነው። ቋንጣ አይገባም፤ አትያዙ። ሽሮና በርበሬ ከያዛችሁ ስትጠየቁ በግልጽ ተናገሩ። ደብቆ መገኘት ከመዘግየትም በላይ ቅጣት አለው።

ደረጃ 8፦ በበረራው ቀን ተከታተሉ

1. ከመነሻው 4 ሰዓት በፊት ፍላይትራዳር 24 ላይ የበረራ ቁጥሩን ፈልጉ። የዘገየ ከሆነ እዚያ ይታያል።
2. አውሮፕላኑ ሲነሳ የተነሳበትን ሰዓት ጻፉና የደረጃ 4ን ድምር ጨምሩበት። የምትጠብቁት ሰዓት ያ ነው።
3. ከደብሊን በኋላ ምስሉ ውቅያኖስ ላይ ቢጠፋ አትደንግጡ።

ይህቺ ሦስተኛዋ ብዙ እናት አስለቅሳለች። አፑ አውሮፕላኖችን የሚያየው በአብዛኛው መሬት ላይ በተተከሉ መቀበያዎች ነው። አትላንቲክ መሃል ላይ መቀበያ የለም። ምስሉ ይጠፋል ወይም በግምት ይንቀሳቀሳል፤ ካናዳ ዳርቻ ሲደርስ ተመልሶ ይመጣል። ለእናታችሁ ይህን አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ንገሯት።

ተቀባዮች ደግሞ አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ ከቤት አትሩጡ። ዱለስ ከመኪናችሁ ሳትወርዱ በነፃ የምትጠብቁበት ቦታ አለው፤ «ሴል ፎን ሎት» ብላችሁ ጂፒኤስ ላይ አስገቡ። እዚያ ሆናችሁ እንግዳዋ «ሻንጣዬን አገኘሁ» እስክትል ጠብቁ። ስልኳ እዚያ አገር ላይሠራ ስለሚችል የአየር ማረፊያውን ነፃ ዋይፋይ እንዴት እንደምትከፍት ከመሄዷ በፊት ቦሌ ላይ አለማምዷት። አክስቴ ያን ቀን ከ9 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት አልፎ ዝም ያለችው ቀበቶው ጋ ቆማ ዋይፋዩን መክፈት አቅቷት ነበር።